የሲሳይነሽ ተራ

ገደፋው ክፉ ሰው አልነበረም። ይህ አስቀድሞ ይነገር፤ ነገሩን ሰምቶ ለእርግማን አፉን የሚከፍት አይጠፋምና። ከቡሬ ከተማ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ገባ ብላ በምትገኘው በወይራ ጊዮርጊስ ገበሬ ማኅበር፣ እንደ እሱ ሰው የሚለውን የሚፈራ አልነበረም። መንገድ ላይ አንዱ ሰላምታውን ቀዝቀዝ አድርጎ ከመለሰለት «ምን አስቀይሜው ይሆን?» እያለ ሳምንት ሙሉ ይብሰለሰላል። ድግስ ቤት ሆዱ እየጮኸ «በቃኝ፣ ጊዮርጊስን!» ብሎ ይምላል። ሚስቱ ሲሳይነሽ ደግሞ ሌላ ናት። የአገው ልጅ ናት፤ ላሞቿን በአገውኛ ትቆጣለች፣ ባሏን በአማርኛ። «አንተ ሰውዬ፣ ይኼ ይሉኝታህ አንድ ቀን ጉድ ይሠራናል» ትለው ነበር። እሱ ይስቃል፣ እሷም ትስቃለች። እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም፤ ቢሆንም ቤታቸው ሳቅ አጥቶ አያውቅም።

ደርግ ከመጣ አሥር ዓመት ሲሆነው ከበላይ ትእዛዝ ወረደ፤ እያንዳንዱ ገበሬ ማኅበር አንድ የጤና ወኪል መርጦ ያሠልጥን ተባለ። ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ ሰው የሚያምነው፣ የማይሰክር። ሦስቱንም የሚያሟላ ሲፈለግ ገደፋው ብቻ ተገኘ። በልጅነቱ ዳዊት ደግሟል፤ ከጠላም አንድ ዋንጫ ካለፈ ራሱን ያመዋል። ፍኖተ ሰላም ሦስት ወር ሠልጥኖ፣ አንድ የእንጨት ሣጥን ተሸክሞ ተመለሰ። በሣጥኑ ውስጥ አስፕሪን፣ የወባ ክኒን፣ የዓይን ቅባት፣ ፋሻና አንድ ጠርሙስ ወይን ጠጅ የመሰለ የቁስል መድኃኒት ነበረ። ሣጥኑ በየሁለት ወሩ ይሞላል ተብሎ ነበር። ሦስት ጊዜ ተሞላ፤ ከዚያ ወዲያ ባዶውን ይዞ እየዞረ «ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ» ማለት ሆነ ሥራው።

ከሁሉም የከበደው ግን ሣጥኑ ሳይሆን ደብተሩ ነው። እንዲህ ሆነ፦ ትልቁ ሆስፒታል በበሽተኛ ተጨናንቆ መላወሻ ስላጣ፣ ከእንግዲህ ለቀዶ ሕክምና ከአንድ ገበሬ ማኅበር በወር ከሦስት ሰው በላይ እንዳይላክ የሚል ሰርኩላር ደረሰ። ሕክምናው በነጻ ነው። የሚሄደው ግን የማኅበሩ ክብ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ መያዝ አለበት። እንግዲህ ሦስቱ ሰዎች እነማን ይሁኑ? ለዚህ ስብሰባ ተጠራ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ካለው ሾላ ሥር ሕዝቡ ተቀመጠ።

«ጓዶች፣ በተራ ይሁን» አለ ሊቀ መንበሩ ንብረት። «ቀድሞ የተመዘገበ ቀድሞ ይሄዳል፤ አድልዎ የለም።»

ቢሰጥ ብድግ አለ። ቢሰጥ ማለት ስብሰባ ላይ ዝም ካለ የሚያመው ሰው ነው። «ጓድ ሊቀ መንበር፣ በሽታ ተራ ያውቃል ወይ? አንዱ ከዓመት በፊት የተመዘገበ ቡአ አለው፤ አንዷ ዛሬ ደም ይፈሳታል። ማን ይቅደም?»

«እሱን የጤና ወኪሉ ያያል።»

«ድሮ ብር ያለው ይታከማል፣ የሌለው ጠበል ይወርዳል» አሉ አንድ ሽማግሌ ከዳር። «ክፉ ነበር፤ ግን ሰው ቁርጡን ያውቅ ነበር። አሁን መንግሥት በነጻ ላክማችሁ አለን፣ እሰየው። ግን ሰባት መቶ አባወራ በዚያች በር እንዴት ብሎ ይገባል?»

«አባቴ፣ ሆስፒታሉ እኮ የሰፊው ሕዝብ ነው!»

«ታዲያ በሩን ያስፉልና!» አለ ቢሰጥ፤ ሕዝቡ ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም። ወደ ገደፋው ዞሮ «ደብተሩን የያዘው ሰውስ ዘመዱን ሲያስቀድም ማን ያየዋል? አምና የወባው ክኒን ሲመጣ መጀመሪያ የዋጠው የማን አጎት ነበር?» አለ።

የገደፋው ፊት ከሰለ። አጎቱ ክኒኑን ቀድሞ የዋጠው ቀድሞ ስላንቀጠቀጠው ነበር፤ ይህንን መናገር ይችል ነበር። ግን ያ ሁሉ ዓይን ሲያርፍበት ነገር ዓለሙ ዞረበት። ተነሥቶ ፊቱን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዞረና ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። «ጊዮርጊስ ይስማኝ! ከቤቴ አንድ ሰው በሌላ ሰው ላይ ያስቀደምሁ እንደሆነ ቤቴ ይዘጋ!» ብሎ ማለ። ሕዝቡ «እሰይ!» አለ። ሲሳይነሽ ከሴቶቹ መሐል ሆና ራሷን ነቀነቀች።

«ማን ማል አለህ?» አለችው እቤት ሲገቡ። «ማን ጠየቀህ?»

ያ በጥቅምት ነው። በኅዳር፣ ጤፍ አጭደው በገቡ በአንዱ ቀን፣ ሲሳይነሽ ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ የግራ ጡቷን አሳየችው። «ይኼን ያ ሣጥንህ ያውቀዋል ወይ?» አለች፣ እንደ ቀልድ። በጣቱ ነካው። ባቄላ የምታክል ነገር ናት፤ ጠጣር፣ ሲገፏት የማትሸሽ። «ያምሻል?» አላት። «ምንም» አለችው። ያን ጊዜ ደነገጠ። ፍኖተ ሰላም ሲሠለጥኑ ያስተማራቸው ድሬሰር ደጋግሞ የነገራቸው ይኸው ነበር፦ የሚያም እብጠት ሲያዩ አይደንግጡ፣ ጡት ላይ የማያም እብጠት ሲያዩ ግን አንድ ቀን አያሳድሩ፣ ይላኩ። በማግሥቱ በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወሰዳት። እዚያም አይተው «ይኼ የቢላዋ ነው፤ ደብዳቤሽን አጽፈሽ ትልቁ ሆስፒታል ሂጂ» ብለው አስፕሪን ሰጥተው መለሷት።

ገደፋው ደብተሩን ከፈተ። ዐሥራ ሦስት ስም ተጽፏል። ሲሳይነሽን ዐሥራ አራተኛ አድርጎ ጻፈ። በወር ሦስት ሰው ነው፤ ለታኅሣሥ፣ ለጥር፣ ለየካቲት፣ ለመጋቢት የሚሄዱት ሰዎች አሉ። የእሷ ሚያዝያ ላይ ይወድቃል። እሷም ከጎኑ ቆማ በጣቷ ቆጠረች።

«ደብተሩ እኮ እጅህ ላይ ነው» አለችው ቀስ ብላ።

«ምዬ!»

«እና ለመሐላህ እኔ ልሙትልህ?»

«ኧረ በስመ አብ! ምን ዓይነት ንግግር ነው!» አለና ደብተሩን ዘጋው። እሷም ነገሩን አልገፋችበትም። ስንት ሥራ አለ፤ ላም ትወልዳለች፣ ሽንብራ ይለቀማል፣ ሁዳዴ ይገባል። በየወሩ በአንዱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ገደፋው ሾላው ሥር ቆሞ የወሩን ሦስት ስም ያነባል፤ ቢሰጥም ከፊት ተገትሮ ይሰማል። ሲሳይነሽ ያን ጊዜ ነጠላዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ታጣፋለች። ባቄላዋ ሎሚ አክላለች።

ሚያዝያ ደረሰ። ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ሲሳይነሽ ለመንገድ ስንቅ ቋጥራ፣ እግሯን ታጥባ፣ ጸጉሯን ተሠርታ ተዘጋጅታ ነበር። ደብዳቤው ማኅተሙ ተመትቶበት በባሏ ኪስ ውስጥ ነው። በዚህ መሐል ውሻው ጮኸ። ገደፋው ብቅ ሲል እማሆይ ወለተ ሐና የግቢው በር ላይ ቆመዋል። አቀርቅረዋል፤ አንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመዋል።

በዚያ አገር ድንጋይ ተሸክሞ ሰው ደጅ የሚቆም ደም ያለበት ወይም ትልቅ በደል የበደለ ነው። ተበዳዩ «አውርድ» ካለው ይቅር ብሎታል፣ የጠየቀውን ሰጥቶታል ማለት ነው፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ድንጋይ የተሸከመን ሰው አቁሞ ዝም የሚል ቢኖር ቀብሩ ላይ እንኳ ሰው አይቆምለትም። ታዲያ እኚህ በድንግልና የመነኮሱ፣ ጉንዳን የማይረግጡ ሴት ምን በድለው?

«እማሆይ! ኧረ ምን በወጣዎ! ምን በድለውኝ ነው?»

«ልበድልህ ነው የመጣሁ፣ ልጄ» አሉ እንዳቀረቀሩ። «አስቀድሜ ይቅርታውን ልለምንህ ብዬ ነው። ያሳደግኋት የእኅቴ ልጅ ሀብትነሽ ከወለደች ጀምሮ ደሟ አልቆመም። ይኸው ገርጥታ ሰም መስላለች። ተራዋ ለግንቦት ነው አልኸን፤ ለግንቦት አትደርስም። ስለ ጊዮርጊስ፣ የዛሬውን ስጠኝ።»

ከዛሬው ሦስት ሰዎች ሁለቱ ሌሊት ጉዞ ጀምረዋል። የቀረው የሲሳይነሽ ነው። እማሆይ ይህን ያውቁ አያውቁ ገደፋው አልጠየቀም። በመንገዱ የሚያልፉ ሰዎች ቆመው ያያሉ። ድንጋዩ በእማሆይ ማጅራት ላይ ዘመም ብሏል። ዞር ብሎ ወደ ቤቱ ተመለከተ። ሲሳይነሽ ስንቋን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች፤ ሁሉን ሰምታለች። አይሆንም ብትለው ኖሮ ምናልባት... ግን አላለችም። እሷም እኮ የሰው ልጅ ናት።

«ያውርዱ፣ እማሆይ» አለ ገደፋው። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ለራሱም ደነቀው።

ማታ ሲሳይነሽ ስንቁን ፈታች። «ወር ምን አላት፣ ትሄዳለች» ብላ ያጽናናችው እሷው ነበረች። ሀብትነሽ ሆስፒታል ሄዳ ዳነች፤ ልጇን አዝላ ስትመለስ እልል ተባለላት። አገሩም «ገደፋው እኮ ሰው አይደለም፣ መልአክ ነው፤ የሚስቱን ተራ ለሰው!» አለ። ይህንን ሲሰማ፣ ያሳፍራል እንጂ፣ ደስ ብሎታል። ጥቂት ቀን አንገቱን ቀና አድርጎ ሄደ።

የጉዱ መጀመሪያ ይኸው ነው። ድንጋይ ተራ እንደሚያስገኝ አገር ሁሉ አወቀ።

በግንቦት የሲሳይነሽ ተራ ሀብትነሽ በተወችው ቦታ ላይ ነበር። ከመሄጃዋ ሁለት ቀን ሲቀር አሁንም ውሻው ጮኸ። ቢሰጥ ነው! ያ ስብሰባ ላይ ያዋረደው ቢሰጥ፤ በአንድ እጁ ብሽሽቱን ደግፎ፣ በሌላው ማጅራቱ ላይ ወፍጮ የሚያህል ድንጋይ ይዞ፣ ላቡ ይንቆረቆራል። ቡአ ያለበት ሰው እንዲያ ያለ ድንጋይ ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ ማየት ሌላ ጊዜ ቢሆን ያስቅ ነበር።

«ተራዬ ለሰኔ ነው» አለ። «በሰኔ እርሻ ይገባል። ሞፈር መጨበጥ አልቻልሁም፤ አንጀቴ ሊወጣ ነው። ካላረስሁ ልጆቼ ምን ይበላሉ? አፌን ሞልቼ ተናግሬሃለሁ፣ አውቃለሁ። በድያለሁ። ይኸው።»

አሁን ሲሳይነሽ ወጣች። «ቢሰጥ፣ የግንቦቱ ተራ የኔ ነው» አለችው። «አንዴ ለሰው ትቻለሁ።»

«አንቺ ደግሞ ምንሽን ነው የሚያምሽ? ደህና አይደለሽ!» አለ ካቀረቀረበት። በእውነት አያውቅም ነበር፤ ማን ነግሮት። ሲሳይነሽስ ወንዶች ከአጥሩ ማዶ ቆመው እያዩ «ጡቴን ነው» እንዴት ትበል? «የሴት ሕመም ነው» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። ንገረው፣ የሚል ዓይን ነበር።

ገደፋው ምን እንዳሰበ ኋላ ራሱ ስንት ጊዜ ቆጥሮታል። እምቢ ቢል «በስብሰባው ቂም ይዞ ተበቀለው» ይሉታል። «ለገዛ ሚስቱ ሲሆን ጨከነ፣ መሐላውን በላ» ይሉታል። ለእማሆይ ያውርዱ ብሎ ለቢሰጥ አውርድ አልልም ቢል «ሰው ለየ» ይሉታል። ይሉታል፣ ይሉታል፣ ይሉታል። የሲሳይነሽን ዓይን ሳያይ «አውርድ» አለ።

ሦስት ቀን አላናገረችውም። ላሞቹ ግን በአገውኛ ብዙ ቁጣ ሰሙ። በአራተኛው ቀን ክንዷን ከፍ አድርጋ ብብቷን አሳየችው፤ ለሎሚዋ ታናሽ ተወልዶላታል። «ለሰኔ በራሴ እሄዳለሁ» አለች፣ «እስቲ ድንጋይ ሳይሆን ተራራ ተሸክመው ይምጡ!» እሱም «ጊዮርጊስን፣ ከእንግዲህ ማንንም አልሰማም!» አለ። ማለቱንስ አለ።

ሰኔ ሲገባ ከሆስፒታሉ መልእክት ደረሰ፤ ቀዳጁ ሐኪም ለቁስለኛ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ተወስዷል፣ እስኪመለስ ማንም እንዳይላክ። አንድ ሐኪም ነበረ፣ እሱም ሄደ። በሐምሌ ዝናቡ ወረደ፣ ወንዞች ሞሉ፣ መንገዱ ጭቃ ዋጠው። ነሐሴም እንዲሁ። ገደፋው ሌላ የሚያደርገው ሲያጣ ከጊዮርጊስ ጠበል በማሰሮ እየተሸከመ ያመጣላት ነበር። ቢሰጥ ድኖ፣ ማሳው ላይ በሬዎቹን ሲጮህባቸው ድምፁ እስከ ቤታቸው ይሰማል። ሲሳይነሽ በዚያ ክረምት ከላሞቿ ጋር መውጣት ተወች።

መስከረም ላይ ሐኪሙ ተመልሷል ተባለ፤ መስቀል በዋለ በነጋታው ተነሡ። እስከ ቡሬ ጎረቤት በቃሬዛ ተሸከማት፤ ቢሰጥም ትከሻውን ሰጥቶ ነበር። ከዚያ በአውቶቡስ ሆነ። ፍኖተ ሰላምን ሲያልፉ ሲሳይነሽ በመስኮቱ እያየች «የሠለጠንህባት ከተማ ይቺ ናት?» አለችው። «ይቺ ናት» አላት።

ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ካርድ እስኪደርሳቸው ሦስት ቀን በባሕር ዛፉ ሥር ዋሉ። ግቢው ከየአገሩ በመጣ ሰው ሞልቷል፤ ሰውም ሥራ ሲያጣ ክርክር ይዟል። እግሩ የቆሰለ አንድ የደምበጫ ሰው «ምን ታማርራላችሁ? አባቴ በጃንሆይ ጊዜ እዚህች በር ላይ ብር የለህም ተብሎ ተመልሶ ሞተ። እኔ ይኸው በነጻ ልታከም ነው» ይላል። ካጠገቡ የተቀመጠች ሴት «መቼ?» አለችው። «ተራዬ ሲደርስ ነዋ!» «አባትህ እኮ በአንድ ቀን ነው የሞተ፤ አንተ ስንተኛ ቀንህ ነው?» «ዐሥራ አንደኛ።» ሰዉ ሳቀ፤ ሰውዬውም አብሮ ሳቀ። «ታዲያ አንድ ሐኪም ለአገር ሁሉ ምን ይሁን፣ በመጋዝ አይከፈል!» አለ ሌላው። ገደፋው ከክርክሩ አልገባም። ሲሳይነሽ ግን «ተራውን የሚጽፈውስ ማን ነው?» ብላ ጠየቀች፣ ለማንም ሳትል።

በአራተኛው ቀን ገቡ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ዓይኑ እንቅልፍ በማጣት ቀልቷል፣ ካፖርቱ ሥር የወታደር ጫማ አጥልቋል። ጡቷን፣ ብብቷን፣ ከአንገቷ በታች ያለውን ጎድጓዳ ቀስ ብሎ ነካካ። ደረቷን አዳመጠ። ከዚያ መነጽሩን አወለቀ።

«መቼ ነው የጀመራት?»

«በኅዳር» አለ ገደፋው።

«በኅዳር! እስከዛሬ የት ነበራችሁ? ለፋሲካ ሰሞን እንኳ ብትመጡልኝ ቆርጬ አወጣው ነበር። አሁን ሳንባዋ ደርሷል። እናቴ፣ ማን ነው ያዘገየሽ?»

ሲሳይነሽ ቀሚሷን እየሰበሰበች ባሏን ሳታይ «ተራ ነው፣ ጌታዬ» አለች። «ማንም አይደለም። ተራ ነው።»

ሐኪሙ ገደፋውን ለብቻው አስቀርቶ ነገረው፤ እዚህ የሚሠራላት የለም። ወደ አዲስ አበባ ሊጽፍላት ይችላል፣ ጻፈም። የአዲስ አበባው ቀጠሮ ግን ለሚያዝያ ነው። «ሚያዝያ ሰባት ወር ነው» አለ ገደፋው። «አውቃለሁ» አለ ሐኪሙ። «ትደርሳለች?» አለ። ሐኪሙ ደብዳቤውን አጣጥፎ ሰጠው።

ገደፋው ወደ ውጭ ወጣ። ሲሳይነሽ ባሕር ዛፉን ተደግፋ ዓይኗን ጨፍናለች። በግቢው መንገድ ግራና ቀኝ፣ አበባው ዳር ዳር፣ ኖራ የተቀቡ ድንጋዮች ተደርድረዋል። ከመካከላቸው ትልቁን መረጠ። ነቅሎ፣ አንገቱ ላይ አድርጎ፣ የሐኪሙ በር ፊት ሄዶ አቀረቀረና ቆመ።

ያ ሁሉ የሚከራከር ሰው አንድ በአንድ ተነሥቶ ቆመ፤ ወንዱ ቆቡን አወለቀ። ዘበኛው ግን የሌላ አገር ሰው ነበርና እየሮጠ መጣ። «ምን ቆርጦህ ነው የግቢውን ድንጋይ የምትነቅል! ወዴት ልትወስደው ነው? ወዲያ ጣል!» አለና ክንዱን ያዘው። «ተው አንተ! ተው!» ብለው ሴቶቹ ጮኹበት። በጩኸቱ ሐኪሙ ወጣ። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ የቆመ ሰው አይቶ አያውቅም።

«ምንድን ነው ይሄ? አባቴ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«አውርድ በለው!» አለችው ያቺ ተከራካሪ ሴት እንባዋ እየወረደ። «አውርድ ካልኸው ይበቃል። የለመነህን ሰጥተኸዋል ማለት ነው።»

ሐኪሙ አሁን ገባው። ፊቱ ተለዋወጠ። ደረጃውን ወርዶ መጣ፤ እጁንም ወደ ድንጋዩ ሰደደ፤ ነገር ግን አላነሣውም። «ላወርድልዎ እችላለሁ፣ አባቴ» አለ ድምፁ እየተሰበረ። «የምሰጥዎ ግን የለኝም። እንዴት ብዬ ያውርዱ እላለሁ?»

ደጁ ላይ ድንጋይ ተሸክመው ለቆሙ ለሁለት ሰዎች «አውርድ» ያለው ገደፋው፣ ለእሱ «አውርድ» የሚለው ጠፋ። ከኋላው «ገደፋው» የሚል ድምፅ መጣ። ሲሳይነሽ ናት። «ሰውዬውን አታስጨንቀው፤ ምን ያድርግ? ና እንሂድ።» ድንጋዩን ራሱ አወረደው። በነቀለበት ቦታ መልሶ አስቀመጠው። ኖራው ማጅራቱ ላይ ነጭ ሆኖ ቀረ፤ እቤቱ እስኪደርስም አልታጠበውም።

ሲሳይነሽ ከዚያ ወዲህ ከመደቡ አልተነሣችም። በጥቅምት ሦስተኛ እሑድ ገደፋው ከቅዳሴ በኋላ ሾላው ሥር የወሩን ሦስት ስም አነበበ፤ ያለ እሱ የሚያነብ የለም። ሰዉ በሐዘን ዓይን ያየዋል፤ «እንዴት ናት?» ይለዋል። ቢሰጥ ተጠግቶ እጁን ጨብጦት ሄደ። ገደፋው ስሞቹን አንብቦ ሲጨርስ ደብተሩን ለሊቀ መንበሩ አስረከበ። «ከእንግዲህ ሌላ ሰው ፈልጉ» አለ። ወደ ቤቱ ሲመለስ ከአጥሩ ሥር አንድ ድንጋይ አነሣ። አንገቱ ላይ አድርጎ ገባ፤ በሚስቱ መደብ ፊት ለፊት አቀርቅሮ ቆመ።

ሲሳይነሽ ዓይኗን ገለጠች። ብዙ አየችው። የድሮዋ ሲሳይነሽ ብትሆን ትስቅበት ነበር፤ ወይም «ወግድ፣ ጅል!» ትለው ነበር።

«ቆይ» አለችው በመጨረሻ። «ትንሽ ጠብቅ። እኔም ጠብቄ አልነበር።»

ዓይኗን መልሳ ጨፈነች። እሱም ጠበቀ። ፀሐይዋ ከበሩ ወደ ምሰሶው፣ ከምሰሶው ወደ ግድግዳው ሄደች። ውጭ ላሞቹ ያለ እረኛ ራሳቸው ገብተው በረቱ ላይ ይታከካሉ። ማጅራቱ እሳት ሆነ። አላወረደም። ማውረድ የእሱ አይደለም።

ሲሳይነሽ ነቃች። «አሁንም ቆመሃል?» አለችው።

«አለሁ።»

ከንፈሯን በምላሷ አረጠበች። «አውርደውና ውሃ ስጠኝ» አለች።

አወረደው። ውሃ ቀዳ፤ አንገቷን ደግፎ ሁለት ጉንጭ አጠጣት። ግማሹ አገጯ ላይ ፈሰሰ፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገላት። ይቅር ብላው ይሆን? ወይስ ውሃ ጠምቷት ብቻ ነው? ሊጠይቃት ፈለገ። ግን ደክሟት ነበር፤ እያቃሰተች ዓይኖቿ ሲከደኑ ሲያይ፣ ነገ ስትበረታ እጠይቃታለሁ ብሎ ለነገ አሳደረው።